ፍቅርና ሣቅ በ«አሥራ ሁለተኛው ሌሊት»

ከሼክስፒር የቴአትር ድርሰቶች መካከል በዚህ ዓመት በክፍል ያነበብነው «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» የተባለውን ነው። ስሙ በእንግሊዝ አገር የገና ጨዋታ የሚያበቃበትን ሌሊት ያመለክታል። እኛም ከገና እስከ ጥምቀት አሥራ ሁለት ቀን ስለምንቈጥር ስሙ እንግዳ አይሆንብንም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1602 ዓ.ም. ይህ ቴአትር በለንደን ሲታይ የተመለከተ ጆን ማኒንግሃም የተባለ የሕግ ተማሪ በማስታወሻው ላይ ጽፎታል። ጥሩ ጨዋታ ነው ብሎ ያመሰገነውም በቤት አዛዡ ላይ የተሠራውን ተንኰል ነበር። እኔም መጀመሪያ እንደ እርሱ ነበርሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቫዮላ የምትባል ልጃገረድ መርከብ ተሰብሮባት ኢሊሪያ ከተባለ አገር ትደርሳለች። መንትያ ወንድሟ ሰባስቲያን የሰጠመ መስሏታል። ስለዚህ የወንድ ልብስ ለብሳ የመስፍኑ የኦርሲኖ እልፍኝ አሽከር ትሆናለች። ኦርሲኖ እመቤት ኦሊቪያን ይወዳል፤ ኦሊቪያ ግን ለሞተ ወንድሟ ሰባት ዓመት አለቅሳለሁ ብላ ፊቷን ተሸፍናለች። መስፍኑ አሽከሩን የፍቅር መልክተኛ አድርጎ ቢልክ፣ ኦሊቪያ መልክተኛውን ወደደች። ቫዮላ ደግሞ ጌታዋን ወዳለች።

ደራሲው ፍቅሩንና ሣቁን ለየብቻ አላስቀመጣቸውም። በሁለተኛው ገቢር አራተኛ ትዕይንት ቫዮላ ፍቅሯን ለማንም ሳትናገር ስለ ከሳች አንዲት ልጅ ለመስፍኑ ታወራለታለች። እርሱ ስለ ሌላ ሰው የሚሰማ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ስለ ራሷ መሆኑን እናውቃለን። ወዲያው በሚቀጥለው ትዕይንት የኦሊቪያ የቤት አዛዥ ማልቮሊዮ በአትክልቱ ቦታ እየተንጐራደደ እመቤቱን አግብቶ ጌታ ሲሆን ያልማል። ደንገጡሯ ማሪያ የእመቤቷን ጽሕፈት አስመስላ የጻፈችውን ደብዳቤም አንሥቶ ያነባል። ደብዳቤው ቢጫ ካልሲ አድርግ፣ ማሰሪያውን አጠላልፍ፣ ዘወትር ፈገግ በል ይለዋል። ኦሊቪያ ግን ቢጫ ቀለም አትወድም።

እነዚህ ሁለት ትዕይንቶች እንዲሁ በከንቱ የተከታተሉ አይመስለኝም። ቫዮላም ማልቮሊዮም የሰው አገልጋዮች ናቸው፤ ሁለቱም የሚያገለግሉትን ሰው ለማግባት ይመኛሉ። እርሷ በእውነት እየወደደች ዝም ትላለች፤ እርሱ ሳይወደድ ተወደድሁ ብሎ ይኵራራል። ለአንዷ እናዝናለን፤ በሌላው እንሥቃለን። ኦሊቪያም በሦስተኛው ገቢር ማልቮሊዮ እንዳበደ ሲነገራት፣ የእኔም እብደት ከእርሱ አያንስም ማለቷ ፍቅርና ሞኝነት ምን ያህል ጎረቤታሞች እንደ ሆኑ ያሳያል።

በክፍል ስናነብ የማልቮሊዮ ቃል የደረሰው ለእኔ ነበር። ደብዳቤውን ሳነብ ጓደኞቼ እንባቸው እስኪፈስ ሣቁ፤ እኔም ደስ አለኝ። ነገር ግን በአራተኛው ገቢር ማልቮሊዮ እብድ ነው ተብሎ ጨለማ ቤት ይዘጋበታል፤ አጫዋቹ ፌስቴም ቄስ መስሎ ይዘባበትበታል። መብራትና ወረቀት አምጡልኝ እያለ የሚለምነውን ሳነብ ድምፄ ተለወጠ፤ ክፍሉም ጸጥ አለ።

በመጨረሻ ሰባስቲያን በሕይወት ይገኛል። እርሱና ኦሊቪያ ተጋብተዋል፤ ኦርሲኖም ቫዮላን ሊያገባ ይወስናል። ማልቮሊዮ ግን ሁላችሁንም እበቀላለሁ ብሎ ይወጣል። ኦሊቪያ እጅግ ተበድሏል ትላለች፤ መስፍኑም ተከትላችሁ አስታርቁት ብሎ ያዝዛል። መታረቁን ግን ድርሰቱ አይነግረንም።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት ይህ ነው። ኦርሲኖና ኦሊቪያም ራሳቸውን አታልለው ነበር፤ ተሥቆባቸዋልም። ነገር ግን ከሣቁ በኋላ የሚወዳቸው ሰው ስላገኙ ሣቁ መድኃኒት ሆነላቸው። ማልቮሊዮ ያን የመሰለ ሰው አላገኘምና ያው ሣቅ መርዝ ሆነበት። ፍቅር የሌለበት ሣቅ ከግፍ እንደማይርቅ ደራሲው በቀልድ መካከል ነግሮናል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ይህን ቴአትር ስታነቡ የማልቮሊዮን ቃል ጮክ ብላችሁ አንብቡት። መጀመሪያ ትሥቃላችሁ፤ ኋላ ግን በማን እንደ ሣቃችሁ ታስባላችሁ።