ሆዱ ተቀዶ የታከመ ከብት የሆድ ዕቃው እንዳይጣበቅ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

በወልዲያ፤ በመርሳና በሐብሩ ወረዳ ለገበሬው የእርሻው ኃይል በሬው ነው። በሬ ያጣ ገበሬ በሬ ይለምናል፤ ወይም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ በሬ ከሞት ሲድን ቤተ ሰቡም ከችግር ይድናል።

በከተማ ዳር የሚሰማራ ከብት ከሣሩ ጋራ ፌስታል፤ ገመድ፤ ምስማርና ሽቦ ይውጣል። ይህም በጨጓራው ሲከማች ከብቱ ማመስኳት ይተዋል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ይከሳል። ያን ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ከብቱ እንደ ቆመ ግራ ጎኑን አደንዝዞ ጨጓራውን በመቅደድ ባዕዱን ነገር ያወጣል። ነገር ግን ቀዶው መልካም ሁኖ ሳለ ከብቱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መብላት ትቶ የሚከሳበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ሕክምናውን ይወቅሳል፤ ጎረቤቱም የራሱን በሬ ለማሳከም ይፈራል። የዚህም አንዱ ምክንያት የሆድ ዕቃ መጣበቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጀትና ጨጓራ ስስና እርጥብ ሽፋን ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይንሸራተታሉ። ይህ ሽፋን ሲፈተግ፤ በነፋስ ሲደርቅ፤ ደም ሲረጋበት ወይም እድፍ ሲነካው ይቆስላል፤ ከቁስሉም ፋይብሪን የሚባል እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ይወጣል። በጥቂት ቀን ውስጥ ቢሟሟ ጉዳት የለውም፤ ሳይሟሟ ቢቆይ ግን ሥጋ ይበቅልበትና የማይላቀቅ ጠባሳ ይሆናል። የቀንድ ከብትም ይህን ሙጫ አብዝቶ የሚያወጣ እንስሳ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ የሚከተለውን ይጠብቅ።

1ኛ፤ መሣሪያው የተቀቀለ፤ እጅም በሳሙና የታጠበ ይሁን፤ በጓንት ላይ ያለ ዱቄት ታጥቦ ይወገድ።
2ኛ፤ ፈርሱ ወደ ሆድ ዕቃ እንዳይፈስስ ጨጓራው ከመቀደዱ በፊት ከቀዶው አፍ ዙሪያ ጋራ ይያያዝ።
3ኛ፤ የተገለጠው ክፍል በ1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው ባለበት፤ ከጀርም በጸዳና ለብ ባለ ውሃ ይርጠብ፤ በደረቅ ጨርቅ አይፈተግ፤ የረጋ ደምም ይታጠብ።
4ኛ፤ ስፌቱ በሰውነት ውስጥ በሚሟሟ ክር ይሁን፤ ከልክ በላይም አይጥበቅ።
5ኛ፤ ጀርም የሚገድልና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት በሐኪሙ ትእዛዝ ይሰጥ፤ ነገር ግን መድኃኒት ንጽሕናን አይተካም።

ባለቤቱም ከማግስቱ ጀምሮ ሐኪሙ እንደ ፈቀደ ከብቱን ጧትና ማታ ቀስ አድርጎ ይምራው፤ መንቀሳቀስ ለአንጀት ይረዳዋልና። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ቀንበር አይጫንበት። ማመስኳት ቢተው፤ እበቱ ቢቀር ወይም ጀርባውን ቢያጎብጥ በዚያው ዕለት ለሐኪሙ ይነገር።

የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ድርሻ ሁለት ነው። አንደኛው ከብቱ ሳይዘገይ እንዲታከም ማድረግ ነው። ሽቦ የሆድ ዕቃን በስቶ ከወጣ ሐኪሙ ገና ሳይደርስ መጣበቅ ይጀምራልና። ለዚህም ክሊኒኩ የሚታጠብ ወለል፤ ጥላ፤ ንጹሕ ውሃና የመሣሪያ መቀቀያ እንዲኖረው ይሁን።

ሁለተኛው ፌስታልን መከልከል ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይሠራና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅም ክልከላውን አጥብቆታል። ሕጉ በገበያና በቆሻሻ መጣያ ቦታ ሲፈጸም ብዙ በሬ ከቢላዋ ይድናል።