ለነቀዝ ማረስ ይብቃን

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እናቴ ለቂጣ የሚሆን በቆሎ ልታወጣ የጆንያውን አፍ ስትፈታ እኔ ተሽቀዳድሜ እጄን ከተትኩ። እህሉ ይሞቃል። በዚያ ብርድ ሙቀት በማግኘቴ ደስ አለኝ፤ ውስጥ ለውስጥ የሚተራመሰው የነቀዝ መንጋ ያመጣው ሙቀት መሆኑን ማን ነግሮኝ! ሳወጣው እጄ እስከ ክርኔ ዱቄት ለብሷል። እናቴ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሰፌዷን አነሳችና ታበጥር ጀመር። ባዶ የቀረውን ቅርፊት መሬት ላይ ስታራግፈው ዶሮዎቹ እንኳ ጫር ጫር አድርገው ትተውት ሄዱ።

አባቴ በዚያ ዓመት አልሰነፈም። አራት ጊዜ አርሷል፣ ተበድሮ ማዳበሪያ ገዝቷል፣ ሌሊት ሌሊት ማማ ላይ እያደረ ከርከሮና ጃርት አባርሯል። ከከርከሮ ያዳነውን እህል ግን ቤቱ አስገብቶ ከሩዝ ፍሬ ለምታንስ ተባይ አስረከበ።

ገበሬ የሆናችሁ፣ ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ፣ እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በቆሎ በአገራችን በአማካይ በሄክታር ወደ 40 ኩንታል ይሰጣል። ጥማድን የሄክታር ሩብ ብንለው፣ ከአንድ ጥማድ 10 ኩንታል ይገባል። ከዚህ ላይ ነቀዝ 2 ኩንታል ቢበላ፣ የጥማዱን አንድ አምስተኛ ያረሳችሁት፣ ያረማችሁት፣ ዩሪያ የበተናችሁበት ለእሱ ነው። እሱ ደግሞ ለደቦ እንኳ አይመጣም!

ደስ የሚለው ነገር እዚሁ ላይ ነው። ያቺን 2 ኩንታል ለማግኘት መሬት መከራየትም ሆነ አምስተኛ ጊዜ ማረስ አያስፈልግም። ተመርታለች፤ ጓዳ ውስጥ ናት፤ የጎደለው ጠባቂ ብቻ ነው። ብዙ ያመረተ ሲሸለም አይተናል። ያመረተውን ነቀዝ ሳይነካው ክረምት ላሻገረ ሰው ሲጨበጨብ ግን እኔ አይቼ አላውቅም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሞዴል አርሶ አደር እሱ ነው። ችግሩም የእኛ ብቻ አይደለም፦ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ያህሉ ከአጨዳ በኋላ ቸርቻሪው ዘንድ ሳይደርስ ይባክናል።

ነቀዝን ማሸነፍ የሚጀምረው ሥራውን ከማወቅ ነው። እንስቷ የበቆሎውን ፍሬ ትበሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ቀዳዳውን መልሳ ትለስነዋለች። ትሉ እዚያው እየበላ ያድግና፣ አየሩ ከሞቀለት ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ጎልማሳ ሆኖ በስቶ ይወጣል። እኛ አይተን የምንደነግጥበት ቀዳዳ መውጫው ነው እንጂ መግቢያው አይደለም። ብዙ ጊዜም እህሉ ገና ማሳ ላይ ሳለ ገብቶበት አብሮን ወደ ቤት ይመጣል። ስለዚህ የሐምሌው ለቅሶ መድኃኒት ያለው ታኅሣሥ ላይ ነው።

ታኅሣሥ ላይ በቆሎውን ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ አስጡት፤ ማታ ማታ ጤዛ እንዳይነካው ሸፈን አድርጉት። መድረቁን አባቶቻችን በጥርስ ቆርጥመው ይለዩ ነበር። ጥርሱን የማያምን ጨው ይሞክር፦ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እፍኝ በቆሎና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ደህና አድርጋችሁ ናጡት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል አሳርፉት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። የሻገተውን ለቅማችሁ አውጡ። “ለላሟ ይሁን” ደግሞ እንዳትሉ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በወተቷ በኩል ዞሮ ልጆቻችሁ ዘንድ ይመጣል።

ቀጥሎ ከረጢቱ። በእኛ አገር ፒክስ የሚባለው ከረጢት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ለጥራጥሬ ማቆያ ታስቦ የተጀመረ ነው። ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ ተራ ከረጢት ከውጭ። የእያንዳንዱ አየር ወጥቶ፣ አንገቱ ተጠምዝዞ፣ ታጥፎ ለየብቻ ይታሰራል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለችውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና መብላት ያቆማል፤ ከዚያ ይሞታል። መርዝ የለ፣ ልጆች በሚተኙበት ቤት የሚሸት እንክብል የለ። በየሳምንቱ “እስቲ ልየው” እያላችሁ ከፈታችሁት ግን አየር እየቀለባችሁት ነው። አይጥም ላስቲኩን ከበሳችው ልፋታችሁ ከንቱ ነውና ከግድግዳ አርቃችሁ ሳንቃ ላይ አስቀምጡት።

“የፈረንጅ ነገር” የሚል አይጠፋም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ አፉን ሲደፍን የኖረው ምን እያደረገ ነበር? በቆሎና ማሽላን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው የሚያኖሩስ? ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ደቃቃዋ ፍሬ በትልልቆቹ መካከል ስትሞላ ነቀዙ መላወሻ ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት መለየት ነው። ብልሃቱ ድሮም በእጃችን ነበር።

ዘንድሮ አሥር ከረጢት ግዙ አልልም። በአንድ ጀምሩ፤ ጎኑ የተለመደውን ጆንያ አቁሙና ሐምሌ ላይ ሁለቱን አስተያዩ። እህሉን የሚተማመን ሰው ሁሉም በሚሸጥበት በታኅሣሥ ገበያ አይጣደፍም፤ የሸጠውንም ክረምት ላይ በውድ መልሶ አይሸምትም።

እኔ ለእናቴ አንዱን ገዝቼ የወሰድኩላት ካደግሁ በኋላ ነው። “ላስቲክ እህል ያፍናል” ብላ ጥግ አስይዛው ነበር፤ ስንት ለምኛት በቆሎ ሞላችበት። ሐምሌ ላይ ስሄድ አብረን ፈታነው። እጄ በልጅነት ልማዱ ሰተት ብሎ ገባ። እህሉ ቀዝቃዛ ነው። እናቴ እፍኝ ዘግና ሰፌዱ ላይ ስትለቀው ተንኮሻኮሸ። ነፋችው፤ የሚበር ነገር የለም።

“በል ውኃ ቅዳ፣ ንፍሮ ልጣድልህ” አለችኝ።