መብረቅና የፀሐይ ኃይል መሣሪያ፦ የመሬት መስመር ለምን አንድ መሆን ይገባዋል?

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው አጥቢያዎች የፀሐይ ኃይል መሣሪያ የካህናቱን መኖሪያ፣ የሰበካ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤትና የአብነት ተማሪዎችን ማደሪያ ሲያበራ ማየት እየተለመደ መጥቷል። መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ምእመናን ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው በሰጡት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ስለ ፓነሉ ብዛትና ስለ ባትሪው አቅም የሚጠይቀውን ያህል፣ ክረምት ሲገባ ንብረቱን ከመብረቅ የሚጠብቀው ምን እንደሆነም መጠየቅ ይኖርበታል። በብዙ ቦታ የሚገኘው መልስ ከግድግዳው ሥር የተቸነከረ፣ ሁለት ክንድ የማይሞላና ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ፌሮ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ሥራ የማይበቃበትን ምክንያትና በቂ የሚሆነውን አሠራር ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

አብያተ ክርስቲያናቱ በአብዛኛው በከፍታ ላይ የታነጹ፣ በረጃጅም ጽድና ወይራ የተከበቡ መሆናቸው ለመብረቅ ያጋልጣቸዋል። ይሁን እንጂ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ የሚበላሸው መብረቅ በቀጥታ ፓነሉን ሲመታ ብቻ አይደለም። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው በአቅራቢያ ካለ ዛፍ ወይም ጉብታ ላይ ከሚወርደው ነው። መብረቁ ሲወርድ በዙሪያው የሚፈጠረው የማግኔት ኃይል፣ ከፓነሉ ወደ ባትሪው በተዘረጉት ሽቦዎች ውስጥ ድንገተኛ ቮልቴጅ ያስነሣል። ፖዘቲቩ ሽቦ በአንድ በኩል፣ ኔጌቲቩ በሌላ በኩል ዞሮ ከመጣ፣ በመካከላቸው የሚቀረው ሰፊ ክፍተት ይህን ቮልቴጅ ያበዛዋል። ሁለቱን ሽቦዎች ጎን ለጎን አጠጋግቶ ማሰር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቅሙ ግን ከፍተኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ባለሙያዎች «ግራውንዲንግ» ወይም «ኧርዚንግ» የሚሉትን የመሬት መስመር ብዙ ሰው የሚረዳው መብረቁን ምድር እንድትውጠው እንደሚያደርግ መንገድ ነው። ይህ አስተሳሰብ ግማሽ እውነት ነው። አንድ የተለመደ መብረቅ ወደ 30,000 አምፔር ይይዛል። የመሬት መስመሩ ተቃውሞ 10 ኦም ቢሆን፣ ይህም ጥሩ የሚባል ልክ ነው፣ ሁለቱን ስናባዛ 300,000 ቮልት እናገኛለን። እንግዲህ በሚገባ የተሠራ የመሬት መስመር ያለው ቤት እንኳ ከሰከንድ እጅግ ባነሰች ቅጽበት ወደዚያ ከፍታ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። ጥበቃው ያለው ከፍታውን ፈጽሞ በማስቀረት ላይ ሳይሆን፣ በቤቱ ያለው ብረትና መሣሪያ ሁሉ አብሮ እንዲወጣና አብሮ እንዲወርድ በማድረግ ላይ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ ማዕበል ሲነሣ በአንድ ታንኳ የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ ከታንኳው ጋር ከፍ ዝቅ ይላሉ። አንድ እግሩን በአንዱ፣ ሁለተኛውን በሌላው ታንኳ ላይ ያደረገ ሰው ግን ይወድቃል።

ለፓነሉ ለብቻው ዘንግ ተተክሎ፣ ለኢንቨርተሩ ደግሞ ከቤቱ ማዶ ሌላ ዘንግ ተተክሎ ሁለቱ ካልተያያዙ፣ ኢንቨርተሩ በሁለት ታንኳ ላይ ቆሟል ማለት ነው። በሁለቱ ዘንጎች መካከል የሚፈጠረው ልዩነት መሣሪያውን አቋርጦ ያልፋል። በዚህም ምክንያት ያልተያያዙ ሁለት ዘንጎች ከአንድ መካከለኛ ዘንግ ይልቅ ሊጎዱ ይችላሉ። የፓነሎቹ ፍሬም፣ የተሸከማቸው ብረት፣ የቻርጅ ኮንትሮለሩና የኢንቨርተሩ አካል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ የቴሌቪዥን ወይም የድምፅ ማጉያ ምሰሶ ካለ እርሱም፣ ሁሉም በአንድ የመዳብ ሰሌዳ ላይ መገናኘት አለባቸው፤ ሰሌዳውም ወደ መሬት ይወርዳል። ፓነሉ ከቤቱ ርቆ በሜዳ ከተተከለ፣ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር በአንድ ቦይ ውስጥ ያልተሸፈነ የመዳብ ሽቦ ቀብሮ ሁለቱን ወገን ማገናኘት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የሚያያዘው የመሣሪያዎቹ የብረት አካል ነው። የባትሪውን ወይም የፓነሉን ኔጌቲቭ ከመሬት ጋር ማገናኘት የአምራቹ መመሪያ ካልፈቀደ በቀር አይገባም፤ አንዳንድ መሣሪያ በዚህ ይቃጠላል።

ሽቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። መብረቅ በድንገት ስለሚነሣ አንድ ሜትር ሽቦ ብቻ በሁለት ጫፎቹ መካከል 10,000 ቮልት ያህል ልዩነት ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ የተረፈውን ሽቦ ጠምጥሞ ማንጠልጠል፣ በየማዕዘኑም አጥፎ ማዞር ስሕተት ነው፤ የተረፈው ይቆረጥ። ከሰሌዳው ወደ መሬት ለሚወርደው 16 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ፍሬሞቹን እርስ በርስ ለሚያያይዘው ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ እንመክራለን። የፓነሉ ፍሬም አልሙኒየም ነውና ራቁቱን መዳብ በቀጥታ ከነካው እርጥበት ሲያገኘው ይበላል፤ በቆርቆሮና በመዳብ መካከልም እንዲሁ ነው። በመካከላቸው የማይዝግ ብረት ቡሎንና ማሰሪያ መግባት አለበት።

ስለ አፈሩ ጥቂት መቆየት ይገባናል፤ ሥራው በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ነውና። በመዳብ የተለበጠና 2.4 ሜትር ያህል የሚረዝም ዘንግ እርጥበት ባለው ጥልቅ አፈር ውስጥ ጥሩ ያገለግላል። አንዱ ካልበቃ ሁለተኛው ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል፣ ቢቻል እጥፉን ርቆ ይተከል፤ ተጠጋግተው የተተከሉ ዘንጎች አንዱ የሌላውን ሥራ ይሻማሉ። በዓለታማ ተራራ ላይ ግን ዘንግ አይገባም። ግማሹን ተክሎ ቀሪውን በመጋዝ ቆርጦ የሚሄድ ሠራተኛ ካለ ክፍያው ይያዝበት። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሻለው በቤቱ ዙሪያ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቆፍሮ ራቁት የመዳብ ሽቦ እንደ ቀለበት መቅበር ነው። የመረሬ አፈር እርጥብ ሲሆን እጅግ ጥሩ ነው፤ በበጋ ግን እየተሰነጠቀ ከዘንጉ ይለያል፤ ስለዚህ ዘንጉ ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች መዝለቅ አለበት። ጨው መጨመር የተለመደ ቢሆንም በየክረምቱ ታጥቦ ይሄዳል፤ እስከዚያም ብረቱን ይበላል። ቁፋሮው የመቃብር ሥፍራን እንዳይነካ አስቀድሞ ከአስተዳዳሪውና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር መመካከር ተገቢ ነው።

ዘንጉ የሚተከልበት ቦታ የሰው ሕይወትንም ይመለከታል። መብረቅ በዘንጉ በኩል ሲወርድ በዙሪያው ያለው መሬት ራሱ ቮልቴጅ ይይዛል፤ በሁለት እግር መካከል ያለው ልዩነት ሰውን ሊጥል ይችላል። የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ከብቶች በአንድ መብረቅ በአንድነት የሚያልቁት ስለዚህ ነው። ከበር፣ ከመተላለፊያና ምእመናን ከሚቆሙበት ጥላ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ከብትም አይታሰርበት።

ሰርጅ ፕሮቴክተር የሚባለው የድንገተኛ ቮልቴጅ መከላከያ ትርፉን ቮልቴጅ ወደ መሬት የሚያሳልፍ በር ነው። በሩ የሚያወጣበት መሬት ከሌለው አያገለግልም። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ማያያዣውና የመሬት መስመሩ ይቅደሙ፤ መከላከያው በሚቀጥለው ዓመት ይገዛ። ሲገዛም በፓነሉ በኩል የሚገባው ለዲሲ የተሠራ መሆኑ ይረጋገጥ።

አንድ አምፖልና ስልክ መሙያ ብቻ ያላቸው፣ ፓነላቸው በእጅ የሚነሣ ትንንሽ መሣሪያዎች ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም። ደመናው ሲከብድ ገመዱን ነቅሎ ፓነሉን ወደ ቤት ማስገባት ይበቃል። ይህ የሚደረገው ግን ነጎድጓዱ ሳይቀርብ ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅምና፣ ሽቦ መንካትም ሆነ ከዛፍ ሥር መጠለል አይገባም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይሻላል።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የእምነት ጉድለት እንዳይሆን የሚሠጉ አባቶች አሉ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ እንዳይሞት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ መታዘዙን ማስታወስ ይበቃል። በቬኒስ የሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የደወል ግንብም በመብረቅ በተደጋጋሚ ከተመታ በኋላ መብረቅ ወደ መሬት የሚያወርድ ዘንግ ተተክሎለታል። በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ እንዲህ ያለ ዘንግ መትከል ግን ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ የሆነ፣ የታወቀ ባለሙያ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ከመሬት ጋር በሚገባ ያልተያያዘ ዘንግ ከነጭራሹ ካለመኖሩ የባሰ ነውና።

ሰበካ ጉባኤው ውል ሲዋዋል የመሬት መስመሩ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ለብቻው እንዲጻፍ፣ የመጨረሻው ክፍያም በመሬት መስመር መለኪያ ተለክቶ ውጤቱ በጽሑፍ ሳይቀርብ እንዳይፈጸም ያድርግ። ተራው የኤሌክትሪክ መለኪያ ለዚህ አያገለግልም። ልኬቱ በነሐሴ ጭቃ ሳይሆን አፈሩ በደረቀበት በበጋ ይወሰድ፤ በእርጥብ አፈር የተገኘ ጥሩ ቁጥር በደረቁ ጊዜ አይጸናም። በየዓመቱ በግንቦት ወር ቡሎኖቹ ይጥበቁ፣ የዛገው ይለወጥ፣ የመከላከያው ምልክት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ አለመለወጡ ይታይ። ዘንጎቹና ሽቦው የተቀበሩበትን ቦታ የሚያሳይ ንድፍም ተሥሎ ከልኬቱ ውጤት ጋር በመዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ተተኪው ጉባኤ አጥር ሲያጥር ወይም ጉድጓድ ሲያስቆፍር እንዳይቆርጠው።