የቴምር ተክል፦ ወንዱንና ሴቷን ለይቶ ማልማት

ቴምር ብርቱ ሙቀት፣ ደረቅ አየርና ሥሩ የሚደርስበት ውሃ ይወዳል፤ ጨዋማ አፈርንም ከብዙ ሰብሎች ይልቅ ይቋቋማል። የአፋር ቆላ፣ በተለይም የአዋሽ ወንዝ ዳርቻ የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው።

የቴምር ወንድና ሴት ዛፎች የተለያዩ ናቸው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ብቻ ናት። ከዘር ከሚበቅሉት ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናሉ፤ ይህም የሚታወቀው ከ4 እስከ 8 ዓመት ቆይተው ሲያብቡ ነው። የሴቶቹም ፍሬ እንደ እናታቸው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ማኅበራት ዘር ተክለው የዓመታት ውሃና ጉልበት እንዳያባክኑ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አስቀድመው ሊያስረዱ ይገባል።

እኛ የምንመክረው የሚከተለውን ነው፦

1. ጥሩ ፍሬ ከምትሰጥ ሴት ዛፍ ግርጌ የወጣ፣ የራሱን ሥር ያበጀና ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆነው ቡቃያ ለይቶ መትከል፤

2. በተክሎች መካከል ከ8 እስከ 10 ሜትር መተው፤ የቡቃያውን ልብ አፈርና ውሃ እንዳይገባበት ከመሬት በላይ ማድረግ፤

3. ለ50 ያህል ሴት ዛፎች 1 ወንድ ማቆየት፤ የሴቷ አበባ ሽፋን እንደተሰነጠቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከወንዱ አበባ ጥቂት ዘለላ ቆርጦ በመካከሉ ማሰር።

ይህን ሥራ ለነፋስ ብቻ መተው ምርቱን ይቀንሳል።