ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ያልተቀበለው ልጅ መሄጃ ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጄ ሃይስኩል ጨርሳ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልግባ ስትል ዘመዶቻችን «እዚያማ ዩኒቨርሲቲ ያልተቀበለው ነው የሚሄደው» አሉን። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በዚህ ወሬ ምክንያት ቤተሰብ ውዱን ዩኒቨርሲቲ መርጦ ያለ በቂ ምክንያት ዕዳ ውስጥ ሲገባ ያሳዝነኛል። በ1901 እ.ኤ.አ. ኢሊኖይ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አንዱ የሆነው የጆሊየት ኮሌጅ ሲጀመር ዓላማው የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት በሰው መኖሪያ አቅራቢያ ማስተማር ነበር። ዛሬ እነዚህ ኮሌጆች ነርስም የመኪና መካኒክም ያሠለጥናሉ፤ ፍሎሪዳንና ዋሽንግተንን በመሳሰሉ ግዛቶች የባችለር ዲግሪ እስከ መስጠት ደርሰዋል። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ደግሞ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ከ8 እስከ 15 ሳምንት ለሚፈጁ ብቁ የሙያ ሥልጠናዎችም እንዲውል ሕግ ወጥቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ክሬዲት። ያለ ዕቅድ የተወሰደ ኮርስ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ ላይቆጠር ይችላል፤ ያኔ ጊዜውም ገንዘቡም ይባክናል። በእናንተ አካባቢ ኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር «አድቫንስ» የሚባል የጋራ ፕሮግራም አለው፤ የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠር ከመጀመሪያው ያሳያል። ልጅዎ ከመመዝገቧ በፊት አማካሪ ዘንድ አብረው ይሂዱ፤ የአራቱን ዓመት ዕቅድም በጽሑፍ ይቀበሉ።