ስለ ጠፈር መንኰራኵሮች መጋጠሚያ

በጣና ላይ ሁለት ታንኳዎች በማዕበል መካከል ቢገናኙ፥ አንዱ የዘጌ ሁለተኛውም የደቅ ሰው ቢሆን፥ በገመድ ተያይዘው ከመረዳዳት የሚያግዳቸው ነገር የለም። በጠፈር ግን አየር የለምና፥ ሰው ከአንዱ መንኰራኵር ወደ ሌላው ይሻገር ዘንድ በር ከበር ጋር ትንፋሽ በማያሳልፍ አኳኋን መግጠም አለበት። የአንዱ መንግሥት በር ከሌላው የማይገጥም ከሆነ፥ በጭንቅ ላይ ያለውን ሰው ባልንጀራው እያየው ሊያድነው አይችልም።

ቀድሞ አንደኛው መንኰራኵር ዘንግ ወደ ፊት ያወጣ ነበር፤ ሁለተኛውም እንደ መለከት አፍ የሰፋ መቀበያ ይይዛል። ባለ ዘንግ ከባለ ዘንግ ጋር ሊጋጠም አይችልም። ስለዚህ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ግንቦት 16 ቀን 1964 ዓ.ም. በሞስኮ ተስማሙ፤ መሐንዲሶቻቸውም ሁለቱ ወገኖች አንድ መልክ ያላቸውን መጋጠሚያ መረጡ። ቭላዲሚር ሲሮምያትኒኮፍ የሠራው ቀለበት እንደ አበባ ቅጠል ያሉ ሦስት መሪዎች አሉት፤ ማናቸውም ወገን ያዥ ወይም ተያዥ ለመሆን ይችላል። ይህ ብልሃት በክብር ምክንያት ከሚነሣው ክርክር ጭምር የሚያድን ይመስለኛል።

በሩ ቢገጥምም የአየሩ ነገር ቀረ። በሶዩዝ ውስጥ ያለው አየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ እንዳለው ነበር፤ በአፖሎ ውስጥ ግን ንጹሕ ኦክሲጅን ሆኖ ግፊቱ የዚያ ሢሶ ያህል ነው። ከፍታው 1,800 ሜትር ያህል በሆነው በባሕር ዳር እንኳ አየሩ ከባሕር ጠረፍ የሚሳሳው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰው ከከባዱ አየር በድንገት ወደ ሳሳው ቢገባ፥ በደሙ ያለው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ በመካከል 3 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ክፍል ተሠራ፤ በአንድ ወገኑ የአፖሎን ዘንግ ይቀበላል፥ በሌላው ወገን አዲሱን ቀለበት ይይዛል። ሰዎቹ ሁለቱን በሮች ዘግተው፥ በደጀ ሰላም እንደሚቆይ ሰው፥ አየሩ እስኪለወጥ ድረስ በዚያ ይቆያሉ። ሶዩዝም የራሱን ግፊት ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ አደረገ። ሐምሌ 10 ቀን 1967 ዓ.ም. ተጋጠሙ፤ ቶማስ ስታፎርድና አሌክሲ ሌዎኖፍም በበሩ ላይ ተጨባበጡ።

ልክ አስቀድሞ ካልተወሰነ ምን እንደሚሆን በአገራችን የባቡር ሐዲድ ይታያል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ግን 1.435 ሜትር ነው፤ የቀድሞው ሠረገላ በአዲሱ ላይ አይሄድም። የዓለም አቀፉ ጠፈር ጣቢያ ባለቤቶች በ2003 ዓ.ም. የመጋጠሚያውን ልክ በጽሑፍ ወስነው ማንም አገር ይሠራበት ዘንድ ገለጡ፤ የመሻገሪያው ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር ነው። የጣቢያው የቀድሞ በሮች ግን በዚህ ልክ አልነበሩምና ማስማሚያ አስፈለገ። የመጀመሪያው ማስማሚያ ሰኔ 21 ቀን 2007 ዓ.ም. ከሮኬቱ ጋር ጠፋ፤ ሁለተኛው ነሐሴ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ተተከለ። የካቲት 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ድራጎን የተባለው መንኰራኵር በእርሱ ላይ ገጠመ።

መምህራን ይህንን በሐይቁ ዳር፥ ውሃው ጥልቅ ባልሆነበት ስፍራ፥ በሁለት ታንኳ ሊያሳዩ ይችላሉ። አንዱ ተማሪ ሌላውን ታንኳ ሲነካው ታንኳው ይሸሻል። በጠፈርም እንዲሁ ነውና፥ ቀለበቱ አስቀድሞ በለስላሳ ይይዛል፥ የግጭቱንም ኀይል ይውጣል፤ ከዚያ በኋላ 12 መንጠቆዎች አጥብቀው ያስሩታል።