ሶፋ ከማሳጠብዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለአዲስ ዓመት ቤቱ ይድመቅ ብለን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሶፋችንን አሳጠብን። ያጠበው ልጅ ትጉህ ነበር። በኦሞ አረፋ ሸፈነው፣ በብሩሽ ፈተገው፣ ውሃ ደፋበት። ሲጨርስ ጨርቁ ከፋብሪካ የወጣ መሰለ። በሦስተኛው ቀን ግን ሳሎኑ እርጥብ ጆንያ እርጥብ ጆንያ መሽተት ጀመረ። መቀመጫውን ስንገልጠው ስፖንጁ ውሃ እንዳቆረ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቺፕውድም አብጧል። ከዚያ ወዲህ ለሚያማክረኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ስለሚገባው ሳሙና ሳይሆን ስለሚወጣው ውሃ ይጠይቁ።

«ውሃውን በምን ታወጡታላችሁ?» ይበሉ። ለዚህ የተሠራው ማሽን ሙቅ ውሃና ማጽጃ እየረጨ ወዲያው ከነቆሻሻው መልሶ ይመጥጣል። በብሩሽና በፎጣ ብቻ የሚሠራ ሰው ላዩን ያነጣዋል፤ ስፖንጅ ውስጥ የሰረገውን ግን አያወጣውም። በደንብ የተመጠጠ ሶፋ መስኮት ተከፍቶ ቢበዛ በአንድ ቀን ይደርቃል። እርጥበቱ ሁለት ቀን ከቆየ ሻጋታ ሊይዝ ይችላል፤ ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ጉዳቱ ከሽታ ያልፋል። እኔ ብሆን በክረምት አላሳጥብም። የግድ ከሆነ ቬንቲሌተር ይዘው እንዲመጡ ይነጋገሩ።

ጨርቁንም ይወቁት። ከውጭ የመጣ ሶፋ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ሥር ምልክት የተጻፈበት ጨርቅ ተሰፍቶበታል። «ደብልዩ» ካለ በውሃ ይጸዳል፤ «ኤስ» ብቻ ካለ ውሃ አይነካውም፤ «ኤክስ» ካለ በቫኪዩም ከመጥረግ በቀር ምንም አይደረግበትም። እዚሁ የተሠራ ሶፋ ብዙ ጊዜ ይህ ምልክት ስለማይኖረው፣ ከጀርባው በማይታይ ቦታ ትንሽ ያስሞክሩ። ነጭ ጨርቅ አርጥበው ሲያሹት ቀለም ከለቀቀ ወይም ቦታው ሲደርቅ ክብ ምልክት ከቀረበት ሥራውን ያስቁሙ። በተለይ ከፈይ በብሩሽ ከተፈተገ ጸጉሩ ይተኛል፤ መልሶ ላይነሳም ይችላል።

በሃይላንድ ተቀድቶ የመጣ ስም የለሽ ፈሳሽ ቤትዎ አይግባ። ዕቃውን ከነጽሑፉ ያሳዩዎት። በረኪና ቀለም ይበላል፤ ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የወጥ ቅባት ለማስለቀቅ ቤንዚን የሚጠቀሙም አሉ። የቡና ከሰል በሚቀጣጠልበት፣ ጧፍ በሚበራበት ቤት የቤንዚን ትነት ምን እንደሚያደርስ ማሰብ ይዘገንናል። እሺ እንዳይሉ።

ትኋን ካለ ሳይደብቁ ይናገሩ። እጥበት ብቻውን በስፌቱና በእንጨቱ ስንጥቅ ያለውን እንቁላል አያጠፋም፤ ቱቦውና ብሩሹ ደግሞ ከእርስዎ ቤት ወደ ሌላ ሰው ቤት ይሄዳሉ። በዚያው ልክ እርስዎም ዕቃዎቹ ከቤት ቤት ሲሄዱ እንዴት እንደሚጸዱ ይጠይቁ።

ዋጋው የሚቆረጠው ሶፋው በሚያስቀምጠው ሰው ቁጥር ከሆነ ትራሶቹና ጀርባው ተካተው እንደሆነ ቀድመው ይስማሙ። «ይሄ እድፍ አይለቅም» የሚልዎትን ባለሙያ አይናቁት፤ ሁሉንም አስለቅቃለሁ ከሚለው እሱ ይሻላል። አጣቢዎቹ እስኪመጡ ድረስም የፈሰሰ ነገር ካለ በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገው ያስመጥጡት እንጂ አይሹት። ደም፣ ወተትና እንቁላል ላይ ሙቅ ውሃ አያድርጉ፤ ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል።

ሥራው ሲያልቅ ሂሳብ ለመክፈል አይቸኩሉ። መቀመጫው ላይ ጥቂት ሶፍት ያንጥፉና በጉልበትዎ ተጭነው ይቁሙበት። ሶፍቱ ትንሽ ወዛ ቢል ያለ ነው፤ ከራሰ ግን ማሽኑን እንደገና ያስነሱ።